የሁዳዴው መጠይቅ

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ደስ እያለኝ ለሰው የማወራው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራሁት በባዶ ሆዴ ነው።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መገባደጃ ነው። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚባለው አካባቢያችን ያን ጊዜ በወረዳና በቀበሌ ቁጥር ነበር የሚጠራው። እኔ ጎፋ ተወልጄ ጎፋ ያደግኩ፣ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር፣ ለምላሴም ለእግሬም ልጓም የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። የማጠናው የክልል ልማት ነው። ክልሎች አዲስ ተዋቅረው፣ የፕላን ቢሮዎች ተከፍተው፣ ወረቀት አገላብጦ አገሩ ምን እንደጎደለው የሚናገር ሰው በየቦታው ይፈለግ ነበር። ከአንዱ የክልል ፕላን ቢሮም «ዲግሪሽን ይዘሽ ሐምሌ ላይ ነይ፣ ቦታው ያንቺ ነው» ተብዬ ነበር። እኛ ቤት ይህ ሥራ ገና ሳልይዘው ተይዞ አልቋል። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ክልል ልትሄድብኝ እኮ ነው» እያለች በኩራት ታለቅሳለች።

የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ከተለያየ ክፍለ ሀገር መጥተው በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ የሰፈሩ ቤተሰቦች ክፉ ቀን ሲመጣባቸው እንዴት ይቋቋሙታል? አማካሪዬ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ ዶክተር ናቸው። «የመቋቋም አቅም» የሚለውን ሐረግ ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። መጠይቁን ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ በብዙ አገር ተሞክሮ የተመሰገነ ነው ተባልን፣ እኔም ወደ አማርኛ መለስኩት። ትናንት ስንት ጊዜ በሉ? ቁርስ በልተዋል? ባለፉት ሰባት ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ስንት ቀን በሉ? ላም ካለዎት ወተቱን ምን አደረጉት? የሁሉም ጥያቄ መልስ በአንድ ቁጥር ወይም በአንድ ምልክት ያልቃል። አጭርና ንጹሕ ወረቀት ስለነበር በጣም እወደው ነበር።

ውጤቱን የሚጠብቅ ሌላም ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት በደቡብ አዲስ አበባ ለተማሪዎች ምሳ ማብላት ሊጀምር አስቦ፣ የትኛው ሰፈር ይበልጥ እንደተቸገረ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። አማካሪዬ የእኛን ውጤት ግንቦት ላይ ሊሰጡት ቃል ገብተዋል። ስለዚህ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ለእኔ ዲግሪ፣ ለአንዳንድ ልጆች ደግሞ ምሳ ነበር።

ሁለት ሰፈር መረጥን። አንዱ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው መንደር ነው፤ ነዋሪው በብዛት ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የመጣ ነው። ሁለተኛው እዚያው እኛ ጎፋ፣ ከወላይታና ከሃዲያ የመጡ የፕሮቴስታንት ቤተሰቦች የሚበዙበት ነው። ጎፋን የያዘችው ከሆሳዕና የመጣች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መዝሙር እየዘመረች ያደገች የክፍሌ ልጅ ናት። የጎፋዋን ልጅ ለምን ጎፋ አልላኳትም ብትሉ፣ ዶክተሩ «የምታውቂያቸው ሰዎች እውነቱን አይነግሩሽም» ብለው ነው። እኔ መካኒሳ ደረሰኝ።

ሥራውን የጀመርነው መጋቢት ላይ ነው። በየቤቱ እየገባሁ «ቁርስ በልተዋል?» እላለሁ። «ኧረ የምን ቁርስ!» ይሉኛል። «አልበሉም» ላይ ምልክት አደርጋለሁ። «ሥጋስ?» ስል አንዳንዱ የሰደብኩት ያህል ያየኛል። ዜሮ። ወተት፣ ዜሮ። እንቁላል፣ ዜሮ። «ትናንት ስንት ጊዜ በሉ?» «አንዴ።» እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት እህል ባፌ አልዞረም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዴ እየጮኸ፣ መስመሩ ዓይኔ ላይ እየተደበላለቀ ስጽፍ እውላለሁ፤ ከዚያ ቤቴ እገባና ሽሮዬን እበላለሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንድ ቀን እንኳ እርሳሴን አስቀምጬ አላሰብኩም። ሁዳዴ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ ሰው ወረቀት ላይ የሚጽፈው ነገር አልመሰለኝም።

የሰበሰብነውን በኮምፒውተር አስገብተን በፍሎፒ ይዘን ዶክተሩ ዘንድ ስንቀርብ ውጤቱ ጉድ ነበር። መካኒሳ ተርቧል፣ ጎፋ ጠግቧል። ከሰሜን የመጣው ቁርስ የለው፣ ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፤ ከደቡብ የመጣው ሦስት ጊዜ ይበላል፣ እንቁላልም አይቀርበት። ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት አይተው አያውቁም። ምክንያቱንም ብዙ ሳይቆዩ አገኙት፤ እንሰት ነው። ሥሩን ቀብሮ ለክፉ ቀን የሚያቆይ ሕዝብ ከተማ ሲገባም ቁጠባውን ይዞት ይገባል አሉ። እኔም አምኜ ስለ እንሰት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። በዚያ ላይ መካኒሳ ውስጥ ላም እያላቸው ለሳምንት ወተት ያልቀመሱ፣ ወተታቸውንም መሸጥ ያቃታቸው ቤተሰቦች አሉ። «የወተት ገበያ ውድቀት» ብለን አንድ ንዑስ ርዕስ ሰጠናቸው። የተማሪዎቹ ምሳ መካኒሳ እንዲገባ፣ ጎፋ ግን እንደማያስፈልገው ረቂቁ ላይ ሰፈረ።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ ዓርብ፣ ከመካኒሳ ቅጾች በአንዱ ላይ አንድ ገጽ ሳልሞላ መቅረቴን አየሁና ልሞላው ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ፈረንጅ ላም ያላቸው ደርባባ እናት ናቸው። በእኛ ስሌት ከመንደሩ ሁሉ በጣም ከተጎዱት አንዷ ናቸው።

በሩ ክፍት ነው። መሶቡ ላይ በቅቤ ያበደ ጥብስ፣ ከጎኑ አንድ ሳህን ሙሉ አይብ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ግቢና ቁጭ በይ እንጂ!» አሉኝ። ሳልቀመጥ በፊት ጉርሻው ተጠቅልሎ አልቋል።

«እማማ» አልኩ ባፌ ሞልቼ፣ «ባለፈው ስመጣ ሥጋ አልበላሁም ብለውኝ አልነበር?»

«በሁዳዴ?» ሁለተኛውን ጉርሻ አየር ላይ አቆሙት። «በሁዳዴ ሥጋ በላሽ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ ከልብሽ ነበር እንዴ? እኔ እኮ የምትፈትኚኝ መስሎኝ ነው! ‹ይቺ ልጅ ለንስሐ አባቴ ልትነግር ነው› ብዬ ነበር።»

«ወተቱስ? መሸጥ አልቻልኩም ብለዋል።»

«በሁዳዴ ማን ይገዛኛል? ናጥኩት፣ አነጠርኩት፣ አስቀመጥኩት። አሁን የምትበዪው ምን መሰለሽ?»

የወተት ገበያ ውድቀቱን እያኘክሁት ነበር። ከመቶ በላይ የሚሆን ቤት አንኳኩቼ፣ እኔ ጾመኛዋ፣ ጾመኛውን ሁሉ «ተርቧል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ጉርሻውን በውኃ አወራረድኩና የቀረውን ገጽ ሳልሞላ ወጣሁ። እስከ ሳር ቤት በእግሬ ስሄድ ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር።

በማግስቱ የሆሳዕናዋን ጓደኛዬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘኋትና ነገርኳት። በመጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ድረስ ሳቀች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ከተማው ሁሉ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለኦርቶዶክስ ስለ ሁዳዴ የምነግረው እኔ ጴንጤዋ ነኝ? አስባችሁበታል ብዬ ነዋ! ዶክተሩ ስለ እንሰት ያን ሁሉ ሲያወሩ ግን ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ጎፋ ያሉት ሰዎቼ እኮ ሦስቴ የበሉት ስላልጾሙ ነው። ቆጮ የቀበረ ሰው አላየሁም።»

«እንደገና እንጠይቃቸዋለን» አልኩ።

«መቼ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አውርደን ዘረጋነው። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። «አሁን ከሄድሽ ደግሞ መካኒሳ በቁንጣን ሊያልቅ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ» አለችኝ። ሃምሳው ሲያበቃ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ከዚያ ክረምቱ፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾማሉ። መስከረም አውዳመት ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይጀምራል። በፈቃድ የሚጾመውን ጽጌን ትተን በጣታችን እየቆጠርን ስንወርድ የቀረልን ጥቅምት ብቻ ሆነ። ከጥቅምትም ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ፤ የምንጠይቀው ስለ ትናንት ስለሆነ ሐሙስና ቅዳሜ ማንንም መጠየቅ አይቻልም። የአገሬን ካላንደር ያን ያህል አትኩሬ አይቼው አላውቅም ነበር። ጥቅምት ማለት ደግሞ ሐምሌ አይደለም፤ የክልሉ ሥራ ያን ያህል ቆሞ አይጠብቀኝም።

ሰኞ ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ፣ ተቀመጪ ቢሉኝም ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ስለ ቅቤውም ስለ ጥብሱም ነገርኳቸው።

«እኔም ጾሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሁዳዴን በሙሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ይህን ውጤት ሳነብ እህል አልቀመስኩም ነበር።» ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ከዚያ ወደ ቁም ነገራቸው ተመለሱ። «ስህተቱ ከታወቀ ይታረማል። ጾመኛ ያልበላው ስላጣ አይደለም፤ ስለዚህ የጾመውን ሁሉ እንደበላ ቁጠሪው። ቅጾቹን አስተካክይ፣ ትንታኔውን ለውጪ፣ ሰኔ ላይ ትመረቂያለሽ።»

«የልጆቹ ምሳስ?»

«ከታረመ በኋላ ሁለቱም ሰፈር ደህና ነው የሚል ውጤት ነው የሚወጣው። ድርጅቱ ወደ ሌላ ከተማ ይወስደዋል። ችግር የለም ማለትም ውጤት ነው።»

እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ። ሐምሌ ተመለሰልኝ፣ ክልሉ ተመለሰልኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው የወረድኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቅጾቹን ከምሬ ላጲስ ያዝኩ። ሁሉም በእርሳስ የተሞሉ ናቸው። «አልበሉም» የሚለውን አጠፋና «በልተዋል» ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የቤት ቁጥር እየጠራሁ ቁርስ አበላለሁ። በአንድ ከሰዓት ግማሽ መካኒሳን አጠገብኩ። እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ «ሥራው ቀለለሽ ልበል?» አለችኝ። በጣም ቀሎኛል አልኳት።

የባለላሟን እናት ቅጽ ሳገኝ ፈገግ ብዬ አጠፋሁት። ከሥሩ የነበረው ቅጽ ከእሳቸው ሦስት ቤት አልፎ ያለ ነው። ሁለት ልጆች ያሏት፣ ከፋብሪካ የተቀነሰች ሴት። የምግቡ መልስ ከባለላሟ ጋር አንድ ነው። ትናንት አንዴ። ቁርስ የለም። ሥጋ ዜሮ፣ ወተት ዜሮ፣ እንቁላል ዜሮ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። አንዷ ቅቤ እያነጠረች የጾመች ናት። ይቺኛዋስ? ፊቷን ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ቤቷ ገብቼ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ፣ ስንቴ በላሽ ብያታለሁ፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። ወረቀቱ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ላጲሱ ደግሞ የሚያውቅ ይመስል እጄ ላይ ተዘጋጅቷል። በራሴ ተናደድኩ። በወረቀቱም፣ ወረቀቱን በጻፈው በማላውቀው ሰውም ተናደድኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መካኒሳ ነበርኩ። ሃምሳው ገና አላለቀም፤ መንደሩ የወጥ ሽታ ይሸታል፣ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። የእሷ በር ዝግ ነው። የለችም ብዬ ልመለስ ስል ከውስጥ ሳል ሰማሁና አንኳኳሁ።

«በልቻለሁ!» አለ የሴት ድምፅ። «አሁን ነው የበላሁት፣ ጥግብ ብያለሁ! እግዜር ይስጥልኝ!»

እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።

ማን እንደሆንኩ ስናገር በሩ ተከፈተ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ነጠላዋ የታጠበ። ጎረቤቷ መስያት እንደነበር ነገረችኝና በርጩማ ሰጠችኝ። በሩን መልሳ ዘጋችው። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው።

ወረቀቱን አውጥቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት። «ትናንት ስንት ጊዜ በሉ?»

«አንዴ።»

«ለምን?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ያኔ እንዲህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«አዎ። ተሳስቼ ነው እትዬ።»

«ልጆቹ ጠዋት ቀምሰው ይሄዳሉ፤ ማታ አብረን እንበላለን። ቀኑን እኔ እዘለዋለሁ። ከፋብሪካው ከተቀነስኩ ጀምሮ እንዲህ ነው። የሚያሳጥበኝ ሲገኝ ልብስ አጥባለሁ፤ በየቀኑ ግን አይገኝም።»

«በሁዳዴስ?»

ፈገግ አለች። «ሁዳዴማ ለእኔ ደግ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳይበላ ይውላል፣ እኔን ማን ያየኛል? በሬን ከፍቼ ነው የምውለው። የሚጨንቀኝ ፋሲካ ሲመጣ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ይጠሩኛል፤ ደጎች ናቸው፣ ባለላሟ በተለይ። አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ ሁለት ቀን እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቀን በምን ዓይኔ? እኔስ መቼ ልጠራቸው ነው?»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። መጀመሪያ ይቺን ሴት ከጠገበ ሰው ጋር አንድ ላይ «ተርባለች» ብዬ ጻፍኳት፤ ትናንት ደግሞ በላጲስ ላጠግባት አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። በመጀመሪያው ወረቀት አትታይም፣ በታረመውም አትታይም።

«ምነው?» አለችኝ። «ጻፊው እንጂ። ካልጻፍሽው ለምን ጠየቅሽኝ? ስሜን ብቻ ተይው።»

ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩት። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ሁለቴ ነገረችኝ።

ወረቀቱን በጀርባው በኩል አድርጌ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

«እንዲህ ያሉ ስንት አሉ?» አሉኝ።

«አላውቅም። ካልጠየቅኋቸው አላውቅም።»

«ጥቅምት ነው እኮ የቀረልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራውስ?»

«ይሂድ» አልኩ። ይህን ያልኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ምላሴ ስለሚቀድመኝ ነው። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ቤት ገብቼ እናቴን ሳይ ነው። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ያቺ ሴት ያለችኝን ነገርኳት። ወጥታ የጎረቤቶቻችንን በሮች አንድ በአንድ ስታይ በመስኮት አየኋት።

ግንቦት ላይ ዶክተሩ ድርጅቱ የጠራው ስብሰባ ላይ ውጤት ይዘው ሳይሆን ስህተት ይዘው ቀረቡ። በዚያ ሁሉ ባለሥልጣንና ባለሙያ ፊት ቆመው «መጠይቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ስንጠይቅ ጾም ነበር፣ እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አላየሁም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ የወረቀቱን ጀርባ አነበቡላቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው እጁን አውጥቶ፣ እሱ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ጥናቶች በየትኛው ወር እንደተሠሩ ማወቅ እንደሚፈልግ ተናገረ። ድርጅቱ እስከ ጥቅምት ሊጠብቅ ተስማማ። የተማረ ሰው በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስለ እንሰት የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ራሴ ቀደድኩት።

ጥቅምት ላይ እንደገና ወጣን። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር «ለምን?» የሚል ጨመርንና ሦስት ባዶ መስመር አሰመርንለት። ሰፈርም ተቀያየርን፤ ይህ የጓደኛዬ ሐሳብ ነበር። «መካኒሳን ለእኔ ስጪኝ» አለች። «አንቺ እዚያ ገብተሽ አውቃለሁ ትያለሽ። እኔ ስለማላውቅ ሁሉንም እጠይቃለሁ። አንቺም ጎፋ ሂጂና ስለ እኛ ጠይቂ፣ እስቲ ምን ያህል ታውቂን እንደሆነ እናያለን።» ምንም አላውቅም ነበር። ጎፋ ውስጥ፣ ከተወለድኩበት ቤት አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ መጋቢት ላይ «ሦስት ጊዜ በልተናል» ብለው የነበሩ ሰዎች ለምን ስላቸው የተናገሩትን ሦስቱ መስመር አልያዘውም። እንግዳ መጥቶ ስንቴ በላችሁ ሲል አንዴ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። ሁለታችንም ወረቀት እየገለበጥን በጀርባው ስንጽፍ ወሩ አለቀ።

ውጤቱ እንደ መጀመሪያው የሚያስጨበጭብ አልነበረም። ሰሜንና ደቡብ የሚለው ልዩነት ጠፋ። ችግሩ በሁለቱም ሰፈር፣ በአብዛኛው ሥራ በተቀነሰ ሰው ቤት፣ ሰው በማያየው ሰዓት ተቀምጦ አገኘነው። ዶክተሩ አንብበው «ይህ ለማስረዳት ከባድ ነው» አሉና ፈረሙበት። እኔ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅሁ። የክልሉን ቦታ ሌላ ሰው ከያዘው ቆይቶ ነበር፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በጥናት ረዳትነት ቀረሁ፣ እናቴም ክልል ያልሄድኩባት በጸሎቷ እንደሆነ ማውራት ጀመረች። የልጆቹ ምሳ መካኒሳም ጎፋም ተከፈተ።

ምሳው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ መካኒሳ ወዳለው ትምህርት ቤት ሥራውን ላይ ሄድኩ። ምግቡን የሚያበስሉት ወላጆች ከራሳቸው መካከል የመረጧቸው እናቶች ናቸው። እኔ የማንንም ስም ለማንም አልሰጠሁም። ልጆቹ በልተው ወደ ክፍላቸው ገብተዋል፤ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ትሪ ከበው ለራሳቸው ምሳ ተቀምጠዋል። እሷም መካከላቸው ናት። ፊቷን ወደ ዋናው በር አዙራ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የመንገዱ አላፊ አግዳሚ ሁሉ እያያት ትበላለች።

እንዳታፍር ብዬ እንዳላየ ሆኜ ልመለስ ነበር። አየችኝ። የጠቀለለችውን ሳትጎርስ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ «እንብላ!» አለችኝ።

በልቻለሁ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እጄን ታጥቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።